ከዙሪክ እስከ ሚላኖ፦ የድሮ የዲዛይን መጽሔቶች ፍለጋ

የሄድኩት መጽሔት ፍለጋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በስዊዘርላንድ፣ በጀርመንና በጣሊያን የታተሙት የግራፊክ ዲዛይን መጽሔቶች ዛሬ ተበታትነዋል። ከፊሎቹ በሙዚየም ማኅደር፣ ከፊሎቹ በአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች መደርደሪያ፣ የቀሩት በጡረተኛ አታሚዎች ምድር ቤት ይገኛሉ። ብዙዎቹን በኮምፒውተር አይቻቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ግን የወረቀቱን ውፍረት፣ የቀለሙን ድምቀት፣ ከሁሉም በላይ ትክክለኛ መጠናቸውን አያሳይም። እነዚህ መጽሔቶች ገጽ እንዴት መሠራት እንዳለበት ይከራከሩ ነበር፤ የክርክራቸው ዋና ማስረጃም ራሱ በእጅ የሚያዘው ገጽ ነው። ስለዚህ በእጅ መያዝ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

የመጽሔቶቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የጉዞዬን ቀናት በእኛው ጽፌያለሁ።

ዙሪክ፣ ቅዳሜ መስከረም 10

ያረፍኩት ኦርሊኮን በሚባለው ሰፈር፣ የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። በዙሪክ የሆቴል ዋጋ ሲታይ ዘመድ ማግኘት ትልቅ በረከት ነው። ማታውኑ፣ «ገና ሲነጋ ካልደረስህ ጥሩ ጥሩውን ነጋዴዎቹ ራሳቸው ይሻሙበታል» ብሎ አስጠንቅቆኝ ስለነበር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቡርክሊፕላትስ ነበርኩ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በየቅዳሜው እዚህ የሐይቁ ዳር አደባባይ ላይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። የብር ማንኪያ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የእንጨት የበረዶ መንሸራተቻ፣ የላም ደወል በየዛፉ ሥር ተደርድሯል። ወረቀት የሚሸጡት ዕቃቸውን በሙዝ ካርቶን ነው የሚያመጡት። እኔም ሌላውን ሁሉ እያለፍኩ ካርቶን ካርቶኑን ብቻ ተከተልኩ።

በሦስተኛው መስመር አንዲት አዛውንት የሟች ባለቤታቸውን ንብረት ይሸጣሉ። ሰውየው የሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም ሥዕል፣ አታሚ ነበሩ። ከካርቶኑ ውስጥ የ1950ዎቹ «ግራፊስ» እንደተደረደረ ወጣ። «ግራፊስ»ን ዋልተር ሄርዴግና ዋልተር አምሽቱትስ በዙሪክ የጀመሩት በ1944 ነው። ዙሪያው ሁሉ በጦርነት በሚነድበት፣ የስዊዘርላንድ ድንበር በተዘጋበት ዓመት የፖስተርና የማስታወቂያ ሥራን በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚያቀርብ ዓለም አቀፍ መጽሔት ማቋቋም እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ሄርዴግ እስከ 1986 ድረስ አዘጋጅቶታል፤ ከዚያ በኋላ መጽሔቱ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ።

ሴትዮዋ ለአንዱ 12 ፍራንክ ጠየቁ። እኛ አገር ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ስንገዛ ድርድሩ የወግ ያህል ይረዝማል፤ ሻጩ ይቆጣል፣ ገዢው ዞር ብሎ ይሄዳል፣ ይጠራል። እዚህ አንድ ጊዜ በለሆሳስ ይጠየቃል፣ አንድ ጊዜ መልስ ይሰጣል፣ አለቀ። «አምስቱን በ50?» አልኩ። ትንሽ አሰብ አድርገው እሺ አሉ።

ከመክፈሌ በፊት ግን እያንዳንዱን ገጽ አገላብጫለሁ። የዚህ ዓይነት መጽሔት ባለቤቶች አብዛኞቹ ባለሙያዎች ስለነበሩ የወደዱትን ሥራ በምላጭ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ሽፋኑ አዲስ የመሰለ ዕትም ውስጡ በመስኮት ተሞልቶ ይገኛል። ከአምስቱ አንዱ እንዲህ ነበርና በሌላ ቀየሩልኝ። ሌላው የሚታየው ጀርባው ነው፤ ሙጫው ደርቆ ከሆነ ሲከፈት ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ሽታው ነው። የምድር ቤት ሻጋታ የያዘ መጽሔት በአንድ ክረምት ጎረቤቶቹን ሁሉ ይበክላል።

ረፋዱ ላይ ጥብስ ቋሊማ ከክብ ዳቦ ጋር በ9 ፍራንክ፣ ቡና በ5 ፍራንክ ተኩል። ከአንድ መጽሔት ዋጋ ይበልጣል።

ዙሪክ፣ ሰኞ መስከረም 12

እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለሆነ የአጎቴ ልጅ ተራራ ወስዶኝ ዋልን። ሰኞ ጠዋት ቶኒ-አሬያል ገባሁ። ድሮ የወተት ፋብሪካ የነበረው ይህ ግዙፍ ሕንፃ ከ2014 ጀምሮ የዙሪክ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲና የዲዛይን ሙዚየሙ ስብስብ መኖሪያ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ኖየ ግራፊክ»።

ይህ መጽሔት የወጣው ከመስከረም 1958 እስከ 1965 ነው። በ17 ጥራዝ 18 ቁጥር ብቻ ታትሞ ቆመ። አዘጋጆቹ አራት የዙሪክ ሰዎች ናቸው፤ ሪቻርድ ፓውል ሎዘ፣ ዮዘፍ ሙለር-ብሮክማን፣ ሃንስ ኖይቡርግና ካርሎ ቪቫሬሊ። የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት ገጥመው «ኤል ኤም ኤን ቪ» ብለው በጋራ ይፈርሙ ነበር። ገጹ 25 በ28 ሴንቲሜትር፣ አራት ማዕዘን ለመሆን ትንሽ የቀረው፣ በአራት ዓምድ የተከፈለ ነው። ሽፋኑ ላይ ሥዕል የለም ማለት ይቻላል። ነጭ ወረቀት፣ የመጽሔቱ ስም በሦስት ቋንቋ፣ ከሥሩ የይዘቱ ዝርዝር።

ማስመሪያ ይዤ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። የሳበኝ የሦስቱ ቋንቋ ጉዳይ ነው። ጀርመንኛ ቃላቱ ረጃጅም ስለሆኑ ዓምዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንግሊዝኛው ቀድሞ ያልቃል። አዘጋጆቹ እኩል ለማስመሰል ፊደል አላጠበቡም፣ መስመር አልሳቡም። ሁሉንም ከአንድ ከፍታ ጀምረው ያልሞላውን ባዶ ትተውታል። ባዶውም የገጹ አካል ሆኗል።

እኛም ከዚህ ችግር ጋር ረጅም ዕድሜ አለን። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1942 ጀምሮ አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ሲያትም ኖሯል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም፤ ቁመቱ ተቀራራቢ፣ ስፋቱ ደግሞ የላላ ነው። በእንግሊዝኛው አጠገብ ሲቀመጥ ጥቁር ጥቅጥቅ ያለ ዓምድ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም በቃላት ቁጥር አጠር ይላል። ይህን ልዩነት የሚሸከም ገጽ እንዴት ይነደፋል? ለዚህ ጥያቄ ቪየናን ወይም ፓሪስን ሳይሆን ዙሪክን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አራት ቋንቋ ያላት አገር መልሱን የፈለገችው ለራሷ ኑሮ ነው።

ከሰዓት በባቡር ወደ ሮማንስሆርን፣ ከዚያ በጀልባ የቦደንዜን ሐይቅ ተሻግሬ ፍሪድሪክስሃፈን፣ ከዚያ እንደገና በባቡር ኡልም። ሐይቁ ከጣና በብዙ ያንሳል፤ ጀልባው ግን በየሰዓቱ መኪና ሳይቀር ጭኖ ይመላለሳል። ጣናን እንዲህ ብናቋርጠው ብዬ ተመኘሁ።

ኡልም፣ ማክሰኞ መስከረም 13

ኡልምን ሰው የሚያውቃት 161.5 ሜትር በሚረዝመው የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ነው። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው በትራም ወደ ኩበርግ ኮረብታ ወጣሁ። የኡልም የዲዛይን ትምህርት ቤት እዚያ ነው ያለው። ያቋቋሙት ኢንገ ሾል፣ ኦትል አይሸርና ማክስ ቢል ናቸው፤ ትምህርቱ በ1953 ተጀመረ፣ ቢል የነደፈው ሕንፃ በ1955 ተመረቀ። የኢንገ ሾል ወንድምና እህት፣ ሃንስና ሶፊ፣ ናዚዎችን በመቃወም ወረቀት በመበተናቸው በ1943 የተገደሉ ወጣቶች ናቸው። ይህን እያሰብኩ በሕንፃው ኮሪደር ስሄድ የንድፉ ጥብቅነት ሌላ ትርጉም ያዘ። ከዚያ ሁሉ የውሸት ቅስቀሳ በኋላ፣ ግልጽ ገጽና ያልተጋነነ ፊደል የእውነተኝነት ጉዳይ ነበር።

ግድግዳው ያልተለሰነ ሲሚንቶ ነው። መቀመጫው ቢልና ሃንስ ጉገሎት የሠሩት ሦስት ጣውላና አንድ ዱላ ብቻ ያለው በርጩማ ነው። ማኅደሩ አሁን የሚገኘው እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። አስቀድሜ በደብዳቤ ቀጠሮ ይዤ ስለነበር የትምህርት ቤቱን መጽሔት «ኡልም»ን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። ጓንት አልሰጡኝም፤ የታጠበና የደረቀ እጅ ይበቃል አሉኝ።

«ኡልም» በ1958 ሲጀመር በሦስት ቋንቋ ነበር፤ በ1962 ከቁጥር 6 ጀምሮ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። ቁጥሮቹ 21፣ ጥራዞቹ ግን 14 ናቸው፤ ገንዘብና ጊዜ ሲያጥር ሁለት ሦስት ቁጥር በአንድ ይጠረዝ ነበር። የመጨረሻው የወጣው በ1968 ነው። ትምህርት ቤቱም የመንግሥት ድጎማ ተቋርጦበት በዚያው ዓመት ተዘጋ። የመጨረሻውን ዕትም ስዘጋ ልቤ ተሰብሯል፤ ያን የመሰለ ቤት ለአሥራ አምስት ዓመት ብቻ መኖሩ ዛሬም ያበሳጨኛል።

ከማኅደሩ ሠራተኞች አንዷ ከየት እንደመጣሁ ስትሰማ፣ «አይሸር የ1972ቱን የሙኒክ ኦሊምፒክ ነው የነደፈው» አለች። ማሞ ወልዴ በዚያው ኦሊምፒክ በማራቶን፣ ምሩፅ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ማምጣታቸውን ነገርኳት። በልጅነቴ ያየሁት የዚያ ውድድር ፎቶግራፍ ላይ የነበረው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ የደረት ቁጥሩ ሳይቀር፣ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነው።

ከሰዓት በከተማው መሃል አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቤት «ኡልም» ቁጥር 10/11ን በ70 ዩሮ አገኘሁ። ዋጋው ከበድ ይላል፣ ግን ምንም ያልጎደለው ነው። በዚያው ቤት ወለሉ ላይ «ገብራውክስግራፊክ» ተከምሮ አንዱ 8 ዩሮ ይላል። በ1924 በርሊን የተመሠረተ፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1950 በሙኒክ እንደገና የተነሣ መጽሔት ነው። የሰብሳቢዎች ዓይን ስለማያርፍበት እስካሁን ርካሽ ነው፤ ይህ አይገባኝም። የውስጥ ማስታወቂያዎቹ ብቻ፣ የቀለም ፋብሪካውና የወረቀት ፋብሪካው በእውነተኛ ቀለማቸውና በእውነተኛ ወረቀታቸው ናሙና ያስገቡባቸው ገጾች፣ ከዋጋው እጥፍ ይበልጣሉ። መያዝ የምችለውን ያህል ገዛሁ።

ከኡልም ወደ ፍሪድሪክስሃፈን፣ ረቡዕ መስከረም 14

ረቡዕ ስለነበር ጾም የሚሆን ምግብ ስፈልግ አስተናጋጇ የአካባቢውን ባህላዊ ምግብ ጠቆመችኝ፤ ምስር ከእጅ ሥራ ፓስታ ጋር። ቋሊማውን እንዲተዉልኝ ለመንኩ። የፓስታው ሊጥ በእንቁላል እንደሚቦካ ሲነግሩኝ ደግሞ ምስሩን በዳቦ አደረግሁት። ኮምጣጤ ቀመስ ያደርጉታል፤ በርበሬ ባይኖረውም ከእናቴ ምስር ብዙ አልራቀብኝም። 11 ዩሮ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ተበላሸ። ባቡሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። በጠበቅንበት የጣቢያው ጣሪያ ዝናብ ያፈስ ኖሮ፣ ከግድግዳው ሥር ያስቀመጥኩት ሻንጣ ላይ ውኃው በዚፑ በኩል ገብቷል። ፍሪድሪክስሃፈን ስደርስ የመጨረሻው ጀልባ ሄዷል። ወደቡ አጠገብ አንድ አነስተኛ ማረፊያ ቤት በ85 ዩሮ ክፍል ተገኘ። ሻንጣውን ስከፍት ሁለት «ግራፊስ» ጠርዛቸው ርሷል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእነዚያ ዘመን የሥዕል ገጾች የሚታተሙት ነጭ የሸክላ አፈር በተቀባ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ሲርስ ቅቡ ይሟሟል፤ ሲደርቅ ደግሞ ገጽ ከገጽ ጋር እንደ ጡብ ይጣበቃል፣ ከዚያ ወዲያ የሚለየው የለም። መዳኛው ሳይደርቅ በፊት ገጹን አንድ በአንድ መለየት ብቻ ነው። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ሁኔታውን አይተው አንድ ቃል ሳይጠይቁ የቁርስ ጠረጴዛውን አነሱ፤ ሦስት ጥቅል የወጥ ቤት ወረቀት አመጡ፣ መስኮት ከፈቱ፣ ማራገቢያ አቆሙ። እሳቸው ወረቀቱን ይቆርጣሉ፣ እኔ በየገጹ መካከል አስገባለሁ። የረጠበውን በደረቅ እየቀየርን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሠራን። አንዱ ሙሉ በሙሉ ዳነ። በሌላው አራት ገጾች ጠርዛቸው ላይ ተላጡ፤ ሥዕሉ ግን አልተነካም። ጠዋት ለወረቀቱ ልክፈል ብል አሻፈረኝ አሉ። «ሙለር-ብሮክማን ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝና ለመሄድ እየተዘጋጀሁ ሳለ ሙሉውን ነገርኳቸው።

ኦልተንና ባዝል፣ ሐሙስ መስከረም 15

ከዙሪክ ወደ ባዝል በሚወስደው መንገድ ኦልተን ላይ ወረድኩ። ኦልተን የስዊዘርላንድ የባቡር ሐዲዶች መገናኛ ናት፤ ርቀት የሚለካበት የዜሮ ኪሎሜትር ድንጋይም በጣቢያው አለ። እኔ ግን የወረድኩት «ኖየ ግራፊክ»ን ያሳተመው ዋልተር ፌርላግ መቀመጫው በዚች ከተማ ስለነበር ነው። የሚታይ ነገር የለም። ቢሆንም በወንዙ ላይ ባለው የተሸፈነ የእንጨት ድልድይ ተሻገርኩና የሚቀጥለውን ባቡር ያዝኩ።

ባዝል ለፊደል ሰው ትልቅ ከተማ ናት። የታወቁት የፊደልና የግራፊክ ዲዛይን መምህራን ኤሚል ሩደርና አርሚን ሆፍማን ያስተማሩት እዚህ ነው። በ1957 ማክስ ሚዲንገር ነድፎት በኋላ ሄልቬቲካ የተባለው ፊደል ከከተማዋ አጠገብ ሙንሸንሽታይን በነበረው የሃስ ፊደል ማምረቻ ነው የወጣው። በአሮጌው ከተማ ዳገት ላይ ያለ አንድ መጽሐፍ ነጋዴ ደውዬለት ስለነበር ሁለት ነገር አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አንደኛው የ«ኖየ ግራፊክ» የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች በአንድ የተጠረዙበት፣ 900 ፍራንክ። ሁለተኛው አንድ ብቸኛ ቁጥር፣ 240 ፍራንክ።

ሒሳቡን ብቻ ላየ ጥራዙ ያዋጣል። ነገር ግን ጠራዡ እንደ ዘመኑ ልማድ የወረቀት ሽፋኖቹን አውልቆ ጥሏቸዋል፤ ጠርዙንም እኩል ለማድረግ ጥቂት ሚሊሜትር ከርክሞታል። ሽፋኑ የይዘቱ ማውጫ በሆነበት፣ ኅዳጉ በሚሊሜትር በተሰላበት መጽሔት ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። በ2014 ላርስ ሙለር ያሳተመው ሙሉ ቅጂ ስላለ ለማንበብ የሚፈልግ እሱን ያገኛል። እኔ የምፈልገው ያልተነካ ገጽ ነው። ብቸኛውን ገዛሁ። ነጋዴው ምክንያቴን ሲሰማ ፈገግ ብሎ 20 ፍራንክ ቀነሰልኝና የሚከተለውን ምክር ጨመረ፦ ተኝቶ ይቀመጥ እንጂ አይቁም፤ ተራ ፕላስቲክ ውስጥ አይግባ፤ ፖሊስተር ካልተገኘ አሲድ የሌለው ወረቀት ይበቃዋል።

ኪያሶና ሚላኖ፣ ከዓርብ መስከረም 16 እስከ እሑድ መስከረም 18

57 ኪሎሜትሩን የጎታርድ ዋሻ ስንወጣ ቋንቋው ጣሊያንኛ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ሆነ። ድንበሯ ላይ ያለችው ኪያሶ ለማክስ ሁበር መታሰቢያ የቆመ ሙዚየም አላት። ሁበር ስዊዘርላንዳዊ ሆኖ በ1940 ሚላኖ ቦጄሪ የተባለ የግራፊክ ዲዛይን ስቱዲዮ ገብቶ የሰሜኑን ሥርዓት ከጣሊያን ቀለም ጋር ያዋሐደ ሰው ነው። የ1948ቱን የሞንዛ የመኪና እሽቅድምድም ፖስተር ያየ ሰው ፊደል ሲሮጥ አይቷል።

ሚላኖ የተቀበሉኝ የእናቴ የጥንት ጓደኛ ናቸው። ፖርታ ቬኔዚያ አጠገብ ይኖራሉ፤ ሰፈሩ የሐበሻ ምግብ ቤት የበዛበት ነው። ቅዳሜ መስቀል ነበርና ቤቱ ተነጥፎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ክትፎ በአይብ ቀረበ። «ለአሮጌ ጋዜጣ ብለህ ይህን ሁሉ አገር ዞርክ ልጄ?» አሉኝ። የ«ኖየ ግራፊክ»ን ሽፋን አወጣሁ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀበሉኝ፣ ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ንጹሕ ነው፤ እንደ ተጠረገ ቤት» አሉ። ከዚያ የተሻለ አስተያየት ከአንድም ባለሙያ አልሰማሁም።

እሑድ በ1964 በተከፈተውና ቦብ ኖርዳ ምልክቶቹን በነደፈለት ቀዩ የሜትሮ መስመር ጀመርኩ፤ መስመር ቀይሬም የናቪሊዮ ግራንዴ ቦይ ደረስኩ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ በቦዩ ዳርና ዳር የጥንት ዕቃ ገበያ ይዘረጋል። ከዙሪክ ጋር ሲወዳደር ጩኸቱ፣ ድርድሩ፣ መገፋፋቱ ለእኔ አገሬ ነው። ፍለጋዬ «ስቲለ ኢንዱስትሪያ» ነበር። አልቤርቶ ሮሴሊ ከ1954 እስከ 1963 ያዘጋጀው፣ ስለ ጽሕፈት መኪናና ስለ መብራት የሚጽፍ፣ ሽፋኑ ግን የግራፊክ ባለሙያዎች መጫወቻ የነበረ መጽሔት ነው። ከቀትር በፊት አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ጋር ሁለት ተገኙ። 60 ዩሮ አለ፤ 30 አልኩ። እጁን አወናጨፈ፤ ዞር አልኩ፤ ጠራኝ። ሁለቱም በ45።

አዲስ አበባ፣ ከተመለስኩ በኋላ

አንጸባራቂ ወረቀት ይከብዳል። ሚላኖ ላይ ልብሴን ከፊሉን ለእናቴ ጓደኛ ትቼ ሻንጣዎቹን 23፣ 23 ኪሎ አደረስኳቸው። «ኖየ ግራፊክ»ና «ኡልም» ግን በካርቶን መካከል ሆነው በእጄ ነው የገቡት።

አሁን ሥራው ተጀምሯል። የ«ኖየ ግራፊክ»ን ገጽ በሚሊሜትር ለክቼ አራቱን ዓምዶች በኮምፒውተር አሰመርኩ። በጀርመንኛው ቦታ አፋን ኦሮሞ፣ በፈረንሳይኛው ቦታ አማርኛ፣ እንግሊዝኛውን በራሱ ቦታ አስገባሁ። አፋን ኦሮሞ ድርብ ፊደል ስለሚበዛው ከሁሉ ረዝሞ እስከ ገጹ ግርጌ ወረደ። አማርኛው ከገጹ ሁለት ሦስተኛ ላይ አለቀ፤ መስመሮቹን ትንሽ አራርቄ ጥቁረቱን ባላላም ከሥሩ ሰፊ ነጭ ቀረ። ያሳየኋቸው የሥራ ባልደረቦቼ ወዲያው ማስታወቂያ እናስገባበት አሉ። እኔ እንዲሁ ነጭ ይቅር ብያለሁ፤ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው።